ለወንድ ልጅ አጭር ስም ማውጣት፦ ከፍቺው እስከ ልደት ወረቀቱ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የልደት ምዝገባውን ፎርም የሚሞላው ግን ወላጅ ነው። በእኛ ዘንድ የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለ ደግሞ ለልጁ የወጣው ስም ሥራ ይበዛበታል። ልጁ በሱ ይጠራል፤ አድጎ መሥሪያ ቤት ሲገባ «አቶ»፣ ተምሮ ሲመረቅ «ዶክተር» የሚቀጠለው እዚያው ስም ላይ ነው፤ ሲወልድ ያው ስም ለልጆቹ የአባት ስም፣ ለልጅ ልጆቹ የአያት ስም ይሆናል። ስለዚህ አጭር ስም የሚፈተነው ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ ከአባቱ ስም ፊት፣ ከ«አቶ» ቀጥሎ፣ ከገዛ ልጁ ስም ኋላ። ለአራስ ቤት ያማረ ስም ሁሉ ሦስቱን አያልፍም።

አጭርነት የሚቆጠረው በአፍ ነው

ፊደል መቁጠር ያታልላል። አበበ ሦስት ፊደል ነው፣ ሲጠራም ሦስት ጊዜ አፍ ያስከፍታል። ብሩክም ሦስት ፊደል ነው፤ ግን ዳርና ዳሩ ሳድስ ስለሆነ «ሩ» ላይ አንዴ ተከፍቶ ያልቃል። ያሬድ፣ አቤል፣ ዳዊት ሁለት ሁለት ናቸው። ስሙን ጮክ ብላችሁ እየጠራችሁ አፍ በተከፈተ ቁጥር ጣት እጠፉ፤ እስከ ሁለት ጣት ያለውን አጭር በሉት። ሦስትና ከዚያ በላይ የሆነውን ሰፈሩ ራሱ ያሳጥረዋል፦ ናትናኤል ናቲ፣ ቴዎድሮስ ቴዲ፣ ኤርሚያስ ኤርሚ ይሆናል።

በጣም ያጠረ ስም ደግሞ መልሶ ይረዝማል፤ ይሄን ብዙ ወላጅ አያስበውም። ዳን የተባለውን ልጅ እናቱ ዳንዬ፣ ጓደኞቹ ዳኒ ይሉታል። ዳኒ የዳንኤል ቁልምጫ ስለሆነ የሰማው ሁሉ ዳንኤል ይመስለዋል፤ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይም «ዳንኤል» ተብሎ ይሰፍርና የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲደርስ ከልደት ወረቀቱ ጋር አልገጥም ይላል። እንግዲህ ወይ ቁልምጫው ወደ ሌላ የታወቀ ስም የማይወስድ ስም ምረጡ፣ ወይ ከመጀመሪያው ዳንኤል ብላችሁ አውጡ። የሌዊ፣ የያሬድ፣ የኖኅ ቁልምጫ የትም አይሄድም።

የግዕዙ መንገድ

አጭር፣ ወንድነቱ የማያሻማ፣ ፍቺውም የማያከራክር ስም ለፈለገ ግዕዝን የሚያህል ምንጭ የለም። አንድ የታወቀ የቃል መልክ አለ፦ መጀመሪያው ሳድስ፣ መካከሉ ካዕብ፣ መጨረሻው ሳድስ። ብ–ሩ–ክ። በዚህ መልክ የሚመጣ ቃል አብዛኛውን ጊዜ «የተደረገለት» ወይም «የሆነ» የሚል ፍቺ ይይዛል። ብሩክ የተባረከ፣ ስዩም የተሾመ፣ ፍቁር የተወደደ ነው፤ ፍጹም እንከን የሌለበት፣ ልዑል ከፍ ያለ፣ ጥዑም ጣፋጭ፣ ትጉህ የነቃ፣ የማያንቀላፋ ማለት ነው። ኅሩይና ምሩጽ ሁለቱም «የተመረጠ» ናቸው። የመጀመሪያውን በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ ሁለተኛውን እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ባጠለቀው ምሩጽ ይፍጠር አገር ያውቃቸዋል፤ ሆኖም ዛሬ ሲወጡ ብዙ አይሰማም። ልጃችሁ ክፍሉ ውስጥ «ብሩክ ሁለት» ወይም «ብሩክ አጭሩ» እንዳይባል ከፈራችሁ እንደነዚህ ያሉትን ተመልከቱ።

የዚህ መልክ ሌላው ጥቅም ሴቴውና ወንዴው መለያየታቸው ነው፦ ክቡር–ክብርት፣ ፍቁር–ፍቅርት። ዓለም፣ ሰላም፣ ደስታ፣ ሙሉ የሚባሉት ግን ለወንድም ለሴትም ስለሚወጡ ስልክ ላይ «ወይዘሮ ደስታ ናቸው?» መባልን ያመጣሉ። እሱን የምትሸሹ ከሆነ ዓለምን ዓለሙ ማድረግ ይበቃል፤ የምትጨምሩት አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

ከግዕዝ ራሳችሁ ስታወጡ ቃሉ በሥራ ላይ ያለ ማዕረግ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ብፁዕ «ብፁዕ አቡነ» ከሚለው አይላቀቅም። ክቡር የሚያምር ስም ነው፤ ደብዳቤ ላይ ግን «ለክቡር አቶ ክቡር» ያስጽፋል። ልዑልና ጥዑምን ደግሞ ውጭ አገር ለሚያድግ ልጅ አልመክርም፤ «ዑ» በላቲን ፊደል መጻፊያ ስለሌለው ልዑል በባዕድ አፍ ሉል ይሆናል።

ከዚህ መልክ ውጪ አምኃ (ስጦታ፣ እጅ መንሻ)፣ አማን (እውነት)፣ ሰናይ (መልካም) አሉ። ሰናይ በትግርኛም ያው ፍቺ አለው። ትግርኛው በራሱ ሓጎስ (ደስታ)፣ ሓዱሽ (አዲስ)፣ ዓወት (ድል) የሚሉ አጫጭሮች አሉት፤ ከነዚህ ዓወት ለሴትም ይወጣል።

የአማርኛው ስምና የሚሸከመው ታሪክ

አማርኛ አጭር ስም የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ያለፈ ግስ እንዳለ ስም ሲሆን ነው፦ ለማ፣ ተካ፣ ዳኘ፣ ሞላ። ሌላው ስም ላይ «ኡ» ሲጨመር ነው፦ ብሩ፣ ወርቁ፣ ኃይሉ፣ ሀብቱ፣ ማሩ። የሁለተኛው ክፍል ፍቺ ግልጽ ስለሆነ ማብራሪያ አያሻውም፤ ማሩ ብቻ ሁለት መልክ አለው፤ ማሩ፣ ጣፋጩ ማለትም ነው፣ «ይቅር በሉ» የሚል ልመናም ነው። ሁለቱም አያሳፍርም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለማስታወሻነት የሚወጡት ስሞች ላይ ነው። ካሳ፣ ተካ፣ ምትኩ ከሐዘን በኋላ ለተወለደ ልጅ የሚወጡ ናቸው፦ ቤተሰቡ ሰው አጥቶ ነበር፣ ይህ ልጅ ካሳው ነው፣ ምትኩ ነው። አጭር ናቸው ብላችሁ ብቻ ካወጣችሁ ትልልቅ ሰዎች «በማን ነው የተተካው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ልጁም ሲያድግ ይጠይቃል። ታሪኩ ካላችሁ ግን ካሳን የሚያህል ባለ ሁለት ፊደል ስም የለም። አፄ ቴዎድሮስም አፄ ዮሐንስ አራተኛም ዙፋን ከመውጣታቸው በፊት ስማቸው ካሳ ነበር።

ሌላው የግስ ስም ችግር ከአባት ስም ጋር ሲገጥም ዓረፍተ ነገር መሥራቱ ነው። አባትየው ከበደ ከሆነ ዓለም የተባለው ልጅ «ዓለም ከበደ» ነው። አባትየው ካሳ ከሆነ ሙሉ የተባለው ልጅ «ሙሉ ካሳ» ይሆናል፤ የመድን ድርጅት ማስታወቂያ ይመስላል። አንዳንዱ አጋጣሚ ያምራል፣ አንዳንዱ ዕድሜ ልክ ያሾፍበታል፤ ሳይጻፍ በፊት ማየት ነው።

ከመጽሐፍ ቅዱስ፦ ፍቺውን ከምንጩ አጣሩ

በኢንተርኔት ከሚዞሩት የስም ዝርዝሮች ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ከሁሉም የሚደጋገመው ስሕተት በ«ኤል» ያለቀውን ስም ሁሉ ከእግዚአብሔር ጋር ማያያዝ ነው። ዮኤል ላይ እውነት ነው፤ «ያህዌ አምላክ ነው» ማለት ነው። አቤል ግን ከዚያ ወገን አይደለም። በዕብራይስጥ ቃሉ ትንፋሽ፣ ተን ማለት ሲሆን በመጽሐፈ መክብብ «ከንቱ» እየተባለ የተተረጎመው ያው ቃል ነው። ሮቤልም እንዲሁ፤ ዕብራይስጡ በ«ን» የሚያልቅ ሩቤን ሲሆን «እነሆ ወንድ ልጅ» ማለት ነው። ይሄ አቤልን መጥፎ ስም አያደርገውም፤ ስሙ የሚከበረው ስለ ጻድቁ አቤል ነው እንጂ ስለ ተን አይደለም። ግን የክርስትናው ዕለት ድግስ ላይ «አቤል የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው» ብሎ ንግግር ማድረግ አያስፈልግም።

ስጦታ የሚል ፍቺ ከፈለጋችሁ ናታንን ውሰዱ፤ «ሰጠ» ማለት ነው፣ ንጉሥ ዳዊትን ፊት ለፊት የገሠጸው ነቢይ ስም ነው። መጽናናት ለሚፈልግ ቤት ናሆም አለ። ዮናስ ርግብ ነው፣ ዳዊት የተወደደ። ኖኅን አባቱ ለምን እንዳወጣለት ዘፍጥረት ምዕራፍ 5 ላይ ተጽፏል፤ ከእጃችን ሥራና ድካም ያሳርፈናል ብሎ ነው። የብዙዎቹ የያዕቆብ ልጆች ስምም በዘፍጥረት 29 እና 30 ላይ እናቶቻቸው ከተናገሩት ጋር ስላለ ምንጭ ፍለጋ አያደክምም። ሌዊ «ይጠጋጋል፣ ይጣበቃል» ከሚለው፣ ዳን «ፈረደ» ከሚለው የመጣ ነው። ዳንን ከሌሎቹ የሚለየው ለአማርኛ ጆሮ ባዕድ አለመሆኑ ነው፤ ዳኛና ዳኘ ከዚያው ሥር ናቸው፣ ደግሞ እንዲያው ሲሰማ «ዳን!» የሚል ምርቃት ነው።

ካሌብ ላይ ብዙ ዝርዝር «ሙሉ ልብ» ይላል። የዕብራይስጡ ተነባቢዎች ግን ከ«ውሻ» ጋር አንድ ናቸው፤ ግዕዙም ውሻን ከልብ ነው የሚለው። ይሄን ሰምቶ ስሙን የሚተው ሰው አለ፤ አያስፈልግም። ካሌብ ለኢትዮጵያዊ በስድስተኛው መቶ ዘመን ባሕር ተሻግሮ ሒምያር (የዛሬዋ የመን) የዘመተው፣ በትውፊት ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ የመነነው የአክሱም ንጉሥ ስም ነው። ስም ፍቺው ከተሸካሚዎቹም ይመጣል። ያሬድም ቃሉ በዕብራይስጥ ከመውረድ ጋር ቢያያዝም፣ እዚህ አገር ያሬድ ሲባል ሰው የሚያስበው ማሕሌታዊውን ነው።

መጽሐፍ ላይ ስላለ ብቻ የማይወጣ አጭር ስምም አለ። ሴት የአዳም ሦስተኛ ልጅ ነው፤ ወንድ ልጅን «ሴት» ብሎ ማውጣት ምን እንደሚያመጣ መንገር አያስፈልግም። የካህኑ ዔሊ ስም በአማርኛ ድንጋይ ለባሿን ያስታውሳል፣ የይሁዳ ንጉሥ አሳ ደግሞ ዓሣን። ጋድ ፍቺው መልካም ዕድል ነው፤ ግን «ኦ ማይ ጋድ» የማይል ተማሪ በሌለበት ዘመን ልጁ ስሙ በተጠራ ቁጥር ሳቅ ይሰማል። እነዚህን የምትወዱ ከሆነ ለክርስትና ስም ካህኑን አማክሩ።

የክርስትና ስምን ካነሳን፦ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ እያለ የሚሄድ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ረጅሙ፣ መንፈሳዊው ስም እዚያ አለ። የዕለት መጠሪያው ሁሉንም ልሸከም ስለማይል በነፃነት ማሳጠር ትችላላችሁ።

ከሙስሊም ቤት

በእስልምና ስም የሚወጣበትና አቂቃ የሚታረድበት የተለመደው ቀን ሰባተኛው ነው፤ ለወንድ ልጅ ሁለት በግ ወይም ፍየል ይታረዳል። አጫጭሮቹ ስሞች ብዙ ናቸው፦ ዓሊ ከፍ ያለ፣ ኑር ብርሃን፣ አሚን ታማኝ፣ ሰይድ ጌታ፣ አለቃ ማለት ነው። ጣሃ እና ያሲን በቁርኣን 20ኛና 36ኛ ምዕራፎች መክፈቻ ላይ ያሉ ፊደላት ናቸው፤ ብዙ ሊቃውንት ትርጉማቸውን ለአላህ ስለሚተዉት «ጣሃ ማለት እንዲህ ማለት ነው» የሚል ዝርዝር ስታዩ እለፉት። ቢላል ስሙ የሚከበረው በመጀመሪያው ሙአዚን ነው፤ የዘር ሐረጉ ሐበሻ ስለሆነ እኛ አገር ተወዳጅ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ረጅሙን ስም ሲያሳጥር ነው። ዐብዱረሕማንን ረሕማን፣ ዐብዱልከሪምን ከሪም ብሎ መቁረጥ አንድ አይደለም። ረሕማን የአላህ ብቻ ስም ነውና ሰው አይጠራበትም። ቁልምጫው ከፊት ከ«ዐብዱ» ይወሰድ፣ አለዚያ ከመጀመሪያው አጭሩን አውጡ።

ወሎን በመሰለ፣ በአንድ ቤተሰብ ሁለቱም ሃይማኖት ባለበት አገር፣ ሁለቱም አያቶች የሚያውቁት ስም ጥሩ መውጫ ነው፦ ኖኅ–ኑሕ፣ ኢዮብ–አዩብ፣ ዮናስ–ዩኑስ፣ ሙሴ–ሙሳ። ወረቀት ላይ አንዱን መልክ ጻፉ፤ ሌላውን ዘመድ እንደለመደው ይጥራ።

ከኦሮምኛ

ቶላ (መልካም)፣ ጫላ (የሚበልጥ)፣ ሞቲ (ንጉሥ)፣ ኢፋ (ብርሃን)፣ ሮባ (ዝናብ)፣ አብዲ (ተስፋ)፤ ሁሉም ሁለት ምት ናቸው፣ ከአማርኛ አባት ስም ጋርም ሳይጋጩ ይሄዳሉ። አብዲ በዓረብኛም ስላለ እዚያ «ባሪያዬ» ወደሚል ይሄዳል፤ ባሌና ሐረርጌ ሁለቱም ፍቺ ይሰማል፣ ማንም አይቸገርበትም። የሚያስቸግረው ጫላ ነው። በቁቤ «ጨ» የሚጻፈው «ሲ» በምንላት ፊደል ስለሆነ፣ ቁቤ የማያውቅ ባዕድ ሲያነበው ካላ ይላል። ልጁ ውጭ አገር የሚያድግ ከሆነ ፓስፖርቱ ላይ በቁቤ ወይስ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ እንደሚሰፍር አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ መሃል ላይ መቀየር ሁለት ሰው ያስመስለዋል።

ውጭ አገር ለሚወለድ ልጅ

አሜሪካ ያሉ ወላጆች ሊያም፣ ሊዮ፣ ኢያን የሚሉ ስሞችን ሲያወጡ እናያለን። ሊያም የአየርላንድ ስም ነው፣ የዊልያም አጭር፤ ሊዮ በላቲን አንበሳ፤ ኢያን የስኮትላንዶች ዮሐንስ ነው። አያት ለመጥራት አይቸገሩም፣ ይሄ ጥቅማቸው ነው። ነገር ግን በሁለቱም በኩል የሚሠራ ስም እያለ ወደዚያ መሄድ ግድ አይደለም፦ ናታን፣ ኖኅ፣ ሌዊ፣ ካሌብ፣ ዮናስ፣ ኤታን። ኤታን ባዕድ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ከመዝሙረ ዳዊት መዝሙራት በአንዱ ርዕስ ላይ ስሙን ታገኙታላችሁ።

በባዕድ አፍ ስሙ ምን እንደሚሆን ግን አስቀድሞ መስማት ያሻል። ካሌብ በእንግሊዝኛ ኬይለብ፣ ሌዊ ሊቫይ፣ አቤል ኤብል ይባላል። አማን በላቲን ፊደል ሲጻፍ አሜሪካዊ መምህር «አንድ ሰው» ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ የመጀመሪያውን «ኤ» ደግማችሁ ብትጽፉ ይቀንሳል። ዮናስ እንደ አገሩ ነው፦ ጀርመንና ስዊድን በ«ጄ» ቢጻፍ በትክክል ዮናስ ብለው ያነቡታል፣ አሜሪካ በ«ጄ» ከጻፋችሁት ጆናስ ስለሚሆን «ዋይ» ያስፈልገዋል። ዳዊት በ«ደብልዩ» ጀርመን ሲደርስ ዳቪት ነው። እስራኤል ውስጥ ኖዓ የሴት ልጅ ስም ስለሆነ ኖኅን በመጨረሻው «ሕ» ጠበቅ አድርጋችሁ አስጽፉ። ዓረብ አገር ፐ፣ ጰ እና ጨ ስለሌሉ ጫላን የመሰለው ይለወጣል።

የጊዜ ጉዳይም አለ። እንግሊዝና ዌልስ ልደት ለማስመዝገብ 42 ቀን ስለሚሰጡ 40 ቀን ጠብቆ ስም የሚቆርጥ ቤተሰብ ለጥቂት ይደርሳል። ጀርመን ልደቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለመዝገብ ቢሮ መነገር አለበት፤ ስም ያልተቆረጠለት ልጅ አንድ ወር ይታገሡታል። እዚያ ያሉ ወላጆች ስሙን ይዘው ሆስፒታል ቢገቡ ይሻላል።

የመጨረሻ ስም የሚለው ሳጥን ውስጥ ምን ይጻፍ የሚለው ብዙዎችን ያጨቃጭቃል። አባትየው ፓስፖርቱ ላይ የመጨረሻ ስም ሆኖ የሰፈረው ብዙ ጊዜ የራሱ አያት ወይም አባት ስም ነው። ልጁ ላይ የአባቱን ስም መካከል፣ አባቱ ፓስፖርት ላይ ያለውን የመጨረሻ ስም መጨረሻ ላይ ብታደርጉ፣ የአገራችንም ሰንሰለት አይበጠስም፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይም አባትና ልጅ ናችሁ ወይ የሚል ጥያቄ ይቀንሳል። አጭር ስም እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የአባት ስሙ ገብረ እግዚአብሔር የሆነ ልጅ ሦስቱም ስሙ ረጅም ከሆነ ቲኬት ላይ ተቆርጦ ይወጣል።

ከመቁረጣችሁ በፊት

ዕጩ ስሞቹን ወደ ሦስት ወይም አራት አውርዱ። ከዚያ በላይ ከሆነ ዘመድ ሁሉ አንዳንድ ጨምሮ ዝርዝሩ ያድጋል እንጂ አይቀንስም። ከዚያ እያንዳንዱን ከአባትና ከአያት ስም ጋር ጮክ ብላችሁ ጥሩ፣ በልብ ማንበብ አይበቃም። ጆሯችሁ የሚፈልገው መጋጠሚያውን ነው፦ ስሙ የሚያልቅበት ድምፅ የአባቱ ስም ከሚጀምርበት ጋር አንድ ከሆነ ሁለቱ ይዋዋጣሉ። ካሌብ ብሩክ ሲፈጥን «ካሌ ብሩክ»፣ ኤልያስ ስዩም «ኤልያስዩም» ይሆናል፤ ስም ጠሪ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ሲጮህ ልጁ የኔ ነው ሳትሉ ተራ ያልፋል። ናታን ንጉሤም እንዲሁ ነው። አባትየው በአናባቢ የሚጀምር ስም ካለው፣ አበበ ወይም አየለ ከሆነ፣ በተነባቢ የሚያልቅ አጭር ስም በደንብ ይያያዛል።

ቀጥሎ «አቶ»፣ «ጋሽ»፣ «ኢንጂነር» ጨምሩበት። ጋሽ ናታን ይሄዳል፣ ጋሽ ናቲ አይሄድም። ቁልምጫን እንደ ዋና ስም የሚያስመዘግቡ ወላጆች የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ሚኪ፣ ቢኒ፣ ያቢ ለአምስት ዓመት ልጅ ልክ ናቸው፣ ለዳኛ ግን ይቀላሉ። ሙሉውን ስም አስመዝግባችሁ ቁልምጫውን ለቤት ተዉት።

ሦስተኛው ከልጅ ኋላ ማስቀመጥ ነው። አንድ የሴትና አንድ የወንድ ስም ወስዳችሁ ከኋላ ግጠሙለት፦ «ሕሊና ስዩም»፣ «ዮሴፍ ሌዊ»። ደህና የሚሰማ ከሆነ ጨርሳችኋል። በመጨረሻ ስሙን ለአሥር ዓመት ልጅ ስጡትና የሚቀልድበት እንደሆነ ጠይቁት፤ የአሥር ዓመት ልጅ ያላገኘውን ቀልድ ሌላው አያገኘውም።

ወረቀቱ ላይ

በኢትዮጵያ ሕግ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የልደት ማሳወቂያና የሁለታችሁን መታወቂያ ይዛችሁ ወደምትኖሩበት ቀበሌ ወይም ወረዳ የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ትሄዳላችሁ። ስሙ ገና ካልወጣ የክትባት ካርዱ ላይ «የእገሊት ልጅ» ተብሎ ይጻፋል፤ ስም ሲወጣ ካርዱን ማስተካከል አትርሱ፣ ከትምህርት ቤት ምዝገባ ጋር የሚጠየቅበት ጊዜ አለ።

ሁለት ነገር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ፣ በቃል አትንገሩ። አንደኛው የአማርኛው ፊደል ነው። ኖህ ነው ወይስ ኖኅ? ሀብቱ ነው ወይስ ሐብቱ? ለሰው ጆሮ ልዩነት የለውም፤ ኮምፒውተር ግን እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ ስለሚያውቃት በአንዱ ተመዝግቦ በሌላው ሲፈለግ «የለም» ይላል። አጭር ስም ላይ ደግሞ አንድ ፊደል ማለት ግማሽ ስም ነው። ሁለተኛው የላቲን አጻጻፉ ነው። ኢዮብን አንዱ ጸሐፊ በ«ኢ»፣ ሌላው በ«አይ» ይጀምረዋል፤ ብሩክን አንዱ «አይ» አስገብቶ፣ ሌላው ሳያስገባ ይጽፈዋል። የልደት ወረቀቱ ላይ የሰፈረው በኋላ ለፋይዳ መታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለዲፕሎማ መነሻ ይሆናል፤ ለማስተካከል ፍርድ ቤት ድረስ የሚያስኬድ ጣጣ አለው። አባትየው ፓስፖርት ካለው የአባት ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ በሌላ ፊደል ከተጻፈ ቪዛ ሲጠየቅ ልጅነቱን ማስረዳት ይመጣል።

ጸሐፊው ሞልቶ ሲጨርስ ሳይታተም አንብቡት፦ አማርኛውን፣ ላቲኑን፣ ፆታውን፣ የተወለደበትን ቀን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር። ማህተም የሚመታው ከዚያ በኋላ ነው። ዋናውን አስቀምጡና ሁለት ሦስት ኮፒ አስነሡ፤ የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት ምዝገባ ላይ ይወሰዳል።